ለሕፃኗ የተሠራ ላንቃ

፩

«አያባብሏት!»

እማማ ደብሪቱ እጃቸውን ሰበሰቡ። ያን ሁሉ ልጅ ሲያሳድጉ «አያባብሉ» ያላቸው ሰው የለም። ሐኪሟ የልጃቸውን የሰናይትን ሕፃን በአንድ ክንዷ ደግፋ፣ ሊጥ የሚመስል ነገር በጣቷ ወደ አፏ አስገብታ፣ የላንቃዋን ልክ እየወሰደች ነው።

«ካለቀሰች ትተነፍሳለች ማለት ነው፣ እማማ። የሚያስፈራው ዝም ስትል ነው።»

አያትየዋ ግድግዳውን ተደገፉ። «አልቅሽ፣ አልቅሽ የኔ እናት» አሉ። እንዲህ ያለ ጸሎት ጸልየው አያውቁም።

፪

ለምን መጡ?

ሕፃኗ ስትወለድ ላንቃዋ ተሰንጥቆ ነበር። ጡት ትይዛለች፣ ግን አትስብም። ትንሽ የገባላትም ወተት በአፍንጫዋ ይመለሳል። ቀዶ ሕክምናው እስክትጠነክር ይቆይ ተባለ። እንድትጠነክር ደግሞ ወተቱ አይገባላትም። በየሳምንቱ ሲመዝኗት ትቀንሳለች እንጂ አትጨምርም። እስከዚያው የላንቃ መሸፈኛ ይሠራላት አሉ።

አንባቢዬ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ይህች ልጅ ትጠባለች ወይስ አትጠባም? ሌላ ነገር አትጠብቁ።

፫

ከክሊኒኩ ፎቅ ላይ፣ የጥርስ ላብራቶሪ። ባለሙያው ይመር ይባላል።

እማማ ደብሪቱ፦ ማሽኑ ይኼ ነው? ዳቦ መጥበሻ አይመስልም?

ይመር፦ ሞክሬው አላውቅም እንጂ ሳይጠብስ አይቀርም።

እማማ ደብሪቱ፦ አሹፍ አንተ። ፕላስቲኩ ልጄን አይመርዛትም?

ይመር፦ ለአፍ ተብሎ የተሠራ ነው፣ እማማ።

እማማ ደብሪቱ፦ ማን አለ?

ሰናይት፦ እማዬ! ሰውየው ይሥራበት እንጂ!

ይመር፦ ተያቸው፣ ይጠይቁ። የኔም እናት እንዲሁ ናት።

በልኬቱ ላይ አፍስሶ ያደረቀውን የጄሶ ላንቃ ከማሽኑ ወንፊት ላይ አስቀመጠ። ጣት የማያህል ላንቃ። ከበላዩ ስስ ፕላስቲክ በክፈፍ ወጥሮ ማሞቂያውን አበራ። ፕላስቲኩ ለሰለሰ፤ መሐሉ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ወደ ታች ወረደ። ያን ጊዜ ክፈፉን ጄሶው ላይ ጫነው። ማሽኑ ጮኸ፣ ጮኸ። ፕላስቲኩ ግን ጄሶውን አልያዘም።

«ተሸንቁሯል» አለ ይመር። «ማሽኑ አየሩን ከሥር ነው የሚስበው። አንዲት ቀዳዳ ካለች ቢስብ ቢስብ ባዶ ነው።»

እማማ ደብሪቱ ማሽኑን ትተው የልጅቱን አፍ አዩ።

ገባቸው።

ይመር በሌላ ፕላስቲክ ደገመው። ያዘ።

፬

ይመር ለአያት የሰጠው መመሪያ

ከመመገቧ በፊት ያድርጉላት። ስትጨርስ ያውጡት። ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ ይጠቡት። ድዷን ካቆሰላት ይዘውት ይምጡ፤ በቢላዋ እንዳይነኩት።

ሐኪሟ ለካችላት፣ «ልክ ነው» አለች። ልጅቱ በልቅሶ ደክማ ተኝታ ስለነበር ቤት ገብታችሁ አጥቧት ተባሉ።

እማማ ደብሪቱ መመሪያውን አንድም ሳያመልጣቸው ሰምተዋል። ይኼ ይታወቅላቸው።

፭

የቀዘቀዘ ውሃ ምን ይገድላል?

ጓዳ ገብተው የጠየቁት ይህንን ነው። ጤና ጣቢያ ያስተማሯቸው የጡጦ ጫፍ እንዲቀቀል ነው። ይኼ ደግሞ ስንት እጅ ነክቶታል! ወንድ ልጅ ስለ አራስ ቤት ምን ያውቃል! ብረት ድስት ጣዱ። ሲንተከተክ መሸፈኛውን ጨመሩት። አቧራ እንዳይገባበትም ከደኑት።

ሲከፍቱት



ላንቃ



አልነበረም። ጠፍጣፋ ፕላስቲክ ነበር።

(በእሳት የተቀረጸ በእሳት ይፈታል። ይህን አለማወቅ ስንት ያስፈርዳል? እዚህ ላይ ፍርድ አልተጻፈም።)

፮

ይህን ቁጥር የሚጽፍ እጅ አልተገኘም። ባጭሩ፦ በማንኪያ ሞከሩላት። ትን አላት። ጠቆረች። ተመለሰች።

፯

ይመር፦ ምንድን ነው የሆነው? ድንች መሰላችሁ እንዴ?

ሰናይት፦ እኔ ነኝ። እኔ ነኝ የቀቀልኩት።

እማማ ደብሪቱ ልጃቸውን አዩዋት። አራስ ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል። ዝም ቢሉ ነገሩ እዚሁ ያልፋል። ከተናገሩ ደግሞ፣ ባለሙያው ፊት፣ ጥፋታቸውን በገዛ አፋቸው ማውጣታቸው ነው። ከዚያ ወዲያ ሕፃኗን ማን ያምናቸዋል?

«ዋሽታ ነው» አሉ። «እኔ ነኝ።»

ይመር ቀና ብሎ አላያቸውም። ጄሶውን ከመደርደሪያ አወረደ። ጠርዙ ተሰንጥቋል።

«በሰም እሞክረዋለሁ። ግን መብራት የለም።»

፰

መብራት የለም።

ልጅቱ ታለቅሳለች።

መብራት የለም።

ሰናይት ከጡቷ ያለበችውን ትንሽ ወተት ጡጦ ውስጥ አድርጋለች። እሷና እናቷ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል፤ በመካከላቸው የሕፃኗ ብርድ ልብስ ብቻ።

መብራት የለም።

ልጅቱ ማልቀስ ደከማት።

ከመንገዱ ማዶ ልጆች «መጣ!» ብለው ጮኹ።

፱

ፕላስቲኩ ለሰለሰ፣ ወረደ። ይመር ጫነው። ስንጥቁን የደፈነው ሰም በሙቀቱ ላብ አወጣ። ሦስቱም ትንፋሻቸውን ያዙ።

ያዘ።

ሐኪሟ በጣቷ ዳሰሰችው፣ ወደ ብርሃን አነሣችው። «በዚህ በኩል ያለው ጠርዝ አላስተማመነኝም» አለች። «እዚሁ አጥቧት፣ እንየው።»

፲

ሰናይት መሸፈኛውን በመዳፏ ይዛ ወደ እናቷ ዘረጋችው።

«እማዬ፣ አንቺ አድርጊላት።»

«እኔ? ከዚያ ሁሉ በኋላ?»

«ማን አለኝ ሌላ?»

እማማ ደብሪቱ እጃቸውን ታጠቡ። እንደገና ታጠቡ። በጣታቸው ጫፍ የልጅቱን አገጭ ዝቅ አደረጉ፤ መሸፈኛውን አስገቡ፤ ቀስ ብለው ወደ ላይ ገፉት። ልጅቱ ዓይኗን ገለጠች። ጡጦውን ሰጧት።

በወተቱ ውስጥ አንዲት አረፋ ወደ ላይ ወጣች።

ሌላ።

ሁሉም አፍንጫዋን አዩ። ደረቅ ነው።

ጠጋ በሉ፣ አንባቢዬ። ቀስ ብላችሁ።

፲፩

………………