የበረኛዋ ንግግር

ደጊቱ የወገዳ ሴቶች ቡድን በረኛ ናት። ጨዋታው እስኪያልቅ አፏ አይዘጋም፤ ተከላካዮቹን ትቆጣለች፣ ዳኛውን ትመክራለች፣ ኳሷ ርቃ ስትሄድ ደግሞ ከመረቡ ኋላ ከቆመ ሰው ጋር ወግ ትይዛለች። በየዓመቱ ንፋስ መውጫ ከተማ ላይ ለወጣት ሴት ተጫዋቾች የሚሰጠው ሽልማት ዘንድሮ የእሷ እንደሚሆን ቅንጣት አልተጠራጠረችም።

ቡድኑ ከሌሎች ተሳፋሪዎች ጋር ወደ ሽልማቱ በሚኒባስ ሲጓዝ የምስጋና ንግግሯን ጮክ ብላ መለማመድ ጀመረች። መንገዱ ያንገጫግጫል፤ ንግግሯም አብሮ ይንገጫገጫል። ወደ ቤተ ልሔም ደብር የሚሄዱት ቄስ እሸቱ ከፊት ወንበር ዞር ብለው፣ ፈጣሪን ሳያስቀድሙ ሰው ማመስገን እንደማይገባ ነገሯት። ፈጣሪን ጨመረች። አንዲት የምስር ነጋዴ ደግሞ እናትሽን የት ጣልሻት ብላ ወቀሰቻት። እናቷንም ጨመረች። ሾፌሩ ሳይቀር ስሙ ቢነሳ እንደማይጠላ በዘዴ ጠቆም አደረገ። ምንም ያላለችው አጠገቧ የተቀመጠችው አጥቂዋ ነጃት ብቻ ናት። ነጃት ጎል ስታገባ እንኳ ሻሿን አስተካክላ ወደ ቦታዋ ትመለሳለች እንጂ ድምፅ አይወጣትም።

ሜዳው ዳር በተተከለው ድንኳን ውስጥ ድምፅ ማጉያው ሲያፏጭ ቆየና አስተዋዋቂው የአሸናፊዋን ስም ጠራ። ደጊቱ ከወንበሯ ብድግ ልትል ስትል ሰማችው። የተጠራችው ነጃት ናት።

መልሳ ቁጭ አለች። ጆሮዋ ጋለ። ልትቀና ነው ወይስ ደስ ሊላት፣ ገና ሳትወስን ነጃት መድረክ ላይ ወጥታ ዋንጫውን ተቀበለች፤ ማይክም አስያዟት። ሰዉ ጠበቀ። ነጃት ማይኩን እንደ ፍም ከፊቷ አርቃ ይዛ ቆመች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ደጊቱን ፈለገ።

ደጊቱ እንዴት እንደወጣች ሳይታወቃት መድረኩ ላይ ተገኘች። ጓደኛዋን ወክላ እንደምትናገር አስታወቀችና የተለማመደችውን አንድም ሳታስቀር ለቀቀችው። ፈጣሪ ተመሰገነ፣ እናት ተመሰገነች፣ ሾፌሩም ድርሻውን አገኘ።

«ከሁሉ በላይ ግን እነዚህን ሁለት እጆቼን አመሰግናለሁ» አለች።

በነጃት ስም ስለተናገረች ግን የተመሰገኑት የአጥቂዋ እጆች ሆኑ። ከኋላ የተቀመጠው ዳኛ ቀድሞ ቢያውቅ ኖሮ ጎሎቹን ሁሉ ይሽራቸው እንደነበር ተናገረ፤ ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ደጊቱ መሬት ብትውጣት በወደደች። ነጃት ግን እየሳቀች ማይኩን ወሰደችባት።

«እጆቹ የእሷ ናቸው» አለች። «እኔ ሳገባ ሁላችሁም አጨበጨባችሁ። እሷ ስታድን ግን ማንም አላጨበጨበም።»

ነጃት ይህን ያህል ስትናገር ሰምቶ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። መጀመሪያ ያጨበጨበው ዳኛው ነው፤ ሰዉም ተከተለ።

ሊመለሱ ሲሉ አዘጋጆቹ በሚቀጥለው ዓመት መድረኩን ደጊቱ እንድትመራላቸው በአሰልጣኟ በኩል ጠየቁ። ደጊቱ ስለ ክብሩ አመስግና፣ በሚቀጥለው ዓመት ተሸላሚ ስለምትሆን እንደማይመቻት ላከችባቸው።