የሐዋ ጨው

ኢድ አል አድሃን ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ የባሌ እናት ቤት ልናሳልፍ ከአዲስ አበባ ስንመጣ ጀሚል መንገዱን ሙሉ "ኮምቦልቻ አንድ ምርጥ ቡና የሚቆላ ቤት አለ፤ ቀምሰን እናልፋለን" ሲለኝ ነበር። የማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ወርጄ በሩ ላይ "ሐዋ ቡና" የሚለውን ሳነብ ደሜ ፈላ።

ሐዋን በስም አውቃታለሁ። ከእኔ በፊት ለጀሚል ታጭታ ነበር። በሰርጋችን ሰሞን ሹክ ያለችኝ እህቱ ኢክራ ናት። እሱን ስጠይቀው "እሱማ ድሮ ቀረ" ብሎ ወሬ ቀየረ። ድሮ የቀረ ነገር ኮምቦልቻ ላይ ሱቅ ከፍቶ ይጠብቀኛል?

ሴትዮዋ ትንሽ እንኳ አስቀያሚ ብትሆን ምን ነበረበት! ቆንጆ ናት፣ ወላሂ። ሻሿን ወደ ኋላ አስራ፣ ከሚሽከረከረው መቁያ ፍሬ በማንኪያ እያወጣች ታሸታለች።

"ጀሚልዬ! ኸረ መጣህ?" አለች።

ጀሚልዬ! እኔ ሚስቱ እንኳ በስንት ጊዜ አንዴ ነው እንደዚያ የምለው።

ለእኔም ፈገግ አለች፤ በግማሽ ጥርስ መለስኩላት። ቡናው ቢስቲማ አካባቢ ካሉ ገበሬዎች እንደሚመጣ፣ መንጣጣት ሲጀምር ቶሎ ካላወጡት እንደሚያር ታስረዳናለች። ጀሚል አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማል። እኔ ሳወራ እንዲህ አፉን ከፍቶ ሰምቶኝ አያውቅም።

ሁለት ስኒ ቀዳች። ስኳር ጠየቅኳት።

"ይቅርታ እህቴ፣ እዚህ ቤት ስኳርም ጨውም አንጨምርም። ጣዕሙን ይገድለዋል" ብላ ግድግዳውን አሳየችኝ። እንደዚያው ተጽፎ ተለጥፏል፣ በትልቁ።

እሺ ብዬ ሳልጨርስ ከባንኮኒው ስር ትንሽ የጨው ዕቃ አወጣች። ቆንጠር አድርጋ የጀሚል ስኒ ውስጥ ጣል አደረገችና "ለእሱ ብቻ ነው ሕጌን የምጥሰው። ያለ ጨው መች ይዋጥለታል!" ብላ ሳቀች።

ጨው! ሦስት ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምሬ ስሰጠው አንድ ቀን "ጨው" ብሎኝ አያውቅም። ባሌ ቡና እንዴት እንደሚወድ የምታውቀው እሷ ናት፣ እኔ አይደለሁም። እሱም ስኒውን አንጠፍጥፎ ጠጣ።

የሐረጎን ዳገት ስንወጣ "ምን ሆነሻል?" ሲለኝ "መንገድህን እይ" አልኩት። የገዛውን ቡና በመስኮት ልወረውረው ምን ቀረኝ!

ቧንቧ ውሃ ስንደርስ አማቴ ስመውን ሳይጨርሱ "ቡናውን እኔ ላፍላ እማዬ" አልኩ። እሳቸው ደም ብዛት ከያዛቸው ወዲህ ጨው ከረከቦቱ አጠገብ ጠፍቷል፤ ማድቤት ገብቼ አመጣሁ። ለሁላችን በስኳር፣ ለጀሚል ልክ እንደ ሐዋ ቆንጠር አድርጌ በጨው ቀዳሁ። ፊቱ ከበራ አበቃልኝ፤ ልቡ ኮምቦልቻ ቀርቷል ማለት ነው።

ፉት አለና ፊቱን አጨማደደ።

"ምንድን ነው ይሄ? ስኳሩስ?"

"ጨው አይደል የምትወደው? ሐዋ ቤት አንጠፍጥፈህ ስትጠጣ አላየሁም?"

"ታዲያ ሰው አክብሮ የቀዳልኝን ልመልስ? ነውር አይደል እንዴ?" አለ። "በጨው መጠጣት የተውኩት አንቺን ካገባሁ ወዲህ ነው። መጀመሪያ ጣፋጩ አንገሸገሸኝ፤ አንቺ ቀድተሽ ስትሰጪኝ ግን እንዴት እምቢ ልበል? አሁንማ ያለሱ አይሆንልኝም። በይ ቀይሪልኝ።"

አማቴ ሳቁ። "እኔ ጨዉን የተውኩት ሐኪም ተቆጥቶኝ ነው፤ አንተን ማን ተቆጣህ?" አሉት።

ስኒውን ቀየርኩለት። ሦስት ማንኪያ ስኳር ጨመርኩበት፤ አንጠፍጥፎ ጠጣው።

ከኢድ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ስንመለስ ጀሚል ኮምቦልቻን ዝም ብሎ ሊያልፍ ፈለገ።

"የት ነው የምትሄደው? ሐዋ ጋ አቁም እንጂ!" አልኩት። "ስኳር ይዣለሁ።"