የቄስ ዘካርያስ ሚስት ያረሰችበት ሰኔ

ቄስ ዘካርያስ የወደቁት በዐቢይ ጾም ነው። ቀድሰው ወጥተው ወደ ቤታቸው ቁልቁለቱን ሲወርዱ ቀኝ እግራቸው ከዳቸውና በጎናቸው ተዘረሩ። ሰዎች በቃሬዛ ተሸክመው መንገድ አወጧቸው፤ ከዚያ በመኪና ንፋስ መውጫ፣ ከንፋስ መውጫም ደብረ ታቦር ተወሰዱ። ደም ጭንቅላታቸው ውስጥ ፈሷል ተባለ። ሲመለሱ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ፣ አንደበታቸውም ተዘግቶ ነበር።

“እንደ ስማቸው ሆኑ” አለ ሰዉ፣ ያን በቤተ መቅደስ ሳለ ድዳ የሆነውን ካህን አስቦ። ሚስታቸው ላቀች ይህን ስትሰማ አልከፋትም። ያኛው ዘካርያስ ኋላ አፉ ተከፍቶ የለም ወይ? እሷም ከዛሬ ነገ ይናገራሉ ብላ ትጠብቅ ጀመር።

ላቀች በጋይንት፣ ከድጓው ደብር ከቤተ ልሔም ብዙም በማትርቅ ደጋ ላይ ነው የኖረችው። ገና በልጅነቷ ለዲያቆን ዘካርያስ ተድራ፣ በተክሊል ተጋብተው፣ እሳቸው ቅስና ሲቀበሉ እሷ የቄስ ሚስት ሆነች። የቄስ ሚስት አንድ ናት፤ ብትሞት እንኳ ሌላ አይተካባትም። ይህን ሕግ ላቀች እንደ ክብር ነበር የያዘችው። ቄሱ ለስላሳ ሰው ናቸው። እጃቸውን አንስተውባት አያውቁም። በግ ሲሸጥ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ስትገባ፣ እሷ ለቅሶ ስትሄድ፣ ሁሉም በእሳቸው ፈቃድ ነው። ሌላው ቀንበር የሚለውን እሷ ጣራ ትለው ነበር፤ ከሥሩ ሆና ዝናብ አልመታትም።

አንዲት ልጅ አለቻቸው፣ መሠረት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ንፋስ መውጫ የሴቶችን ጉዳይ በሚይዝ መሥሪያ ቤት ተቀጥራለች። አባቷ ከመውደቃቸው በፊት፣ ለገና መጥታ ሳለች፣ እናትና ልጅ ጓዳ ውስጥ ሽንኩርት እየላጡ ተከራክረው ነበር።

“እማ፣ ባል ራስ ነው ትያለሽ። አንቺ ታዲያ ምንድን ነሽ?”

“አካሉ ነኛ። አካል የሌለው ራስ የት ይቆማል?”

“አካል አይወስንማ። ራስ ያዘዘውን ነው የሚያደርገው።”

“የሚወደኝ ሰው ቢያዘኝ ምን አለበት? እናንተ ሴት ብቻዋን ትቁም ትላላችሁ። ብቻ መቆም ያምራል እንዴ ልጄ?”

“ራሱ ሲታመምስ?”

“ሲታመምማ ታስታምሚዋለሽ” አለች ላቀች። ነገሩ በዚያው አለቀ፤ ሁለቱም ያሸነፉ መስሏቸው ነበር።

ቄሱ ከወደቁ በኋላ መሬቱን የወንድማቸው ልጅ አበጀ ምርቱን ሊካፈል በእኩል ያዘው። አንድ ጊዜ ገምሶት፣ “ለሰኔ እመለሳለሁ” ብሎ ለቀን ሥራ ወደ መተማ ወረደ። ሰኔ ገባ፤ አበጀ ግን አልመጣም። ቢደውሉለት ስልኩ አይሠራም። ላቀች ወደ ሰበካው ሽማግሌዎች ሄደች።

“ከሚካኤል በኋላ ደቦ ወጥተን እናርስልሻለን” አሏት። “የቄሳችን መሬት ጦም አያድርም።”

ሚካኤል አለፈ። ዝናቡ ቀድሞ ገብቶ ስለነበር ሁሉም ለየራሱ ተሯሯጠ። “ከማርያም በኋላ” ተባለ። የላቀች ማሳ መረሬ፣ ጥቁር ጭቃ አፈር ነው፤ አንዴ ውሃ ከጠጣ የበሬ እግር እስከ ጉልበት ይውጣል። ከማርያም በኋላ ማለት ዘንድሮ የለም ማለት መሆኑን ታውቃለች። በሰዎቹ አልፈረደችም። ወንድ በዚያ ዓመት ከየቤቱ ጎድሏል፤ የቀረውም በአንድ ጥማድ የሦስት ቤት መሬት ይዞ ነበር።

አንድ ማለዳ ከቄሱ መደብ አጠገብ ተንበረከከች።

“አባቴ፣ አበጀ አልመጣም። ሰዉም አልደረሰልንም። መሬቱ ሊዘጋ ነው። እኔ ልሞክረው። አንቱ ይፍቀዱልኝ።”

ቄሱ ረጅም ጊዜ አዩዋት። መስማት ይሰማሉ፤ ሁሉም ይገባቸዋል። ውሃ ልትወርድ ወይም ገበያ ልትሄድ ስትል ግራ እጃቸውን ከጋቢው አውጥተው በመስቀል ምልክት ያሰናብቷት ነበር። አሁንም ያን እጅ ጠበቀች። ቄሱ ግን ፊታቸውን ቀስ ብለው ወደ ግድግዳው መለሱ።

“አባቴ?”

አልዞሩም። ላቀች ጉልበቷ እስኪደነዝዝ ጠበቀች። ከዚያ ተነሥታ በሬዎቹን ፈታች።

በዚያ አገር ሴት አረም ታርማለች፣ ታጭዳለች፣ እርፍ ግን አትይዝም። ላቀችም ይህን ሥርዓት ስታስተምር ነው የኖረችው። ምሳ ይዛ ማሳ ስትሄድ ባሏ ሲያርሱ ዕድሜዋን ሙሉ አይታለች፤ ማየትና መያዝ ግን ለየቅል ሆነባት። ሞፈሩን ጎትታ አደረሰች። ቦራ የሚባለው በሬ ከቀንበሩ ሥር አልገባም ብሎ አንገላታት። ገብቶም ማረሻው መሬት አልነክስ ብሎ በላይ በላዩ ተንሸራተተ፤ እርፉን ስትጫነው ደግሞ ጠልቆ በሬዎቹን አቆማቸው። የመጀመሪያው ትልም እንደ እባብ ተጠማዘዘ። ሁለት ጊዜ በግንባሯ ተደፋች።

በመንገድ የሚያልፉ ቆመው አዩዋት። አንድ አዛውንት ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው አለፉ። ማንም አልሰደባት፤ ማንምም “አይዞሽ” አላላት። እኩለ ቀን ሲሆን ጎረቤቷ ስንዱ፣ ገና ከአራስ ቤት የወጣች ልጅ፣ ውሃ በጆግ ይዛ መጣች።

“እትዬ ላቀች፣ ምን ነካዎት? ሰው ምን ይላል?”

“ይበል። ቦራን ከፊት ያዥልኝ።”

ስንዱ ወደ መንገዱ አየት አድርጋ፣ ነጠላዋን አሸርጣ በሬውን ያዘች። እንዲያ እያሉ ሳምንቱ ሳያልቅ መረሬውን ጨረሱት። ገብሱንም ላቀች ራሷ በተነችው፤ አንዱ ጋ ክምር፣ ሌላው ጋ ባዶ እየሆነባት።

የመጀመሪያው ቀን ማታ እጇ ተልጦ፣ ውሃ ሲነካው እየለበለባት አጥሚት አፍልታ ለቄሱ አቀረበች። ጠጡ። ዓይናቸውን ግን ጨፍነው ነበር። በማግስቱ ወደ ማሳ ስትወጣ እጃቸው ከጋቢው ሥር አልወጣም። ከዚያም በኋላ፣ ውሃ ስትሄድም ገበያ ስትሄድም፣ አልወጣም።

መሠረት እርሻው ሳያልቅ ወሬውን ከስንዱ በስልክ ሰምታ መጣች። ከመንገድ ወርዳ በቀጥታ ማሳው ላይ ደርሳ፣ እናቷ ጅራፍ ይዛ፣ ቀሚሷን ወገቧ ላይ ሸጉጣ፣ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ለብሳ አገኘቻት። “እማዬ! ጀግናዬ!” ብላ አለቀሰች። ፎቶ አነሳቻት። ላቀችም የናፈቀቻት ልጅ ስለመጣች ፈገግ ብላ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ስንዱ ስልኳን ይዛ መጣች። በፎቶው ላይ በትልቁ ተጽፏል። ላቀች ማንበብ ስለማትችል ስንዱ አነበበችላት፦ “ሴት ወንድ አያስፈልጋትም! የጋይንቷ እናት የኋላ ቀርነትን ቀንበር ሰበረች።” ከሥሩ ብዙ ሰው ጽፏል። አንዳንዱ ያደንቃል፣ አንዳንዱ የቄስ ሚስት ሆና ታቦት አሰደበች ይላል።

ላቀች ለልጇ አስደውላ ስልኩን ተቀበለች።

“መሠረት፣ ይህን ነገር አንሺው።”

“ለምን እማ? ስንት ሴት አንቺን እያየ እየተበረታታ!”

“ምን እያየ ነው የሚበረታታው? እኔ አባትሽን አያስፈልግም ብዬ አይደለም ያረስኩት። አባትሽ ስላለ ነው። በቤቱ ጦሙን እንዳያድር ነው።”

“ጽሑፉን የሥራ ባልደረቦቼ ናቸው የጻፉት። ግን እማ፣ ውሸት የት አለው? ወንዶቹ ሲያስጠብቁሽ ራስሽ አላደረግሽውም?”

“አድርጌዋለሁ። አድርጌው ደግሞ ደስ አላለኝም። ይህን አልጻፋችሁም።”

መሠረት በቀዘቀዘ ድምፅ “እሺ፣ ይነሳል” አለች። ተነሣም። እሷ ግን ከዚያ በኋላ ለአባቷ መድኃኒት በሰው ትልክ ጀመር እንጂ ራሷ አልመጣችም።

ነሐሴ ላይ በወንዙ ማዶ በረዶ ወርዶ የብዙ ሰው ባቄላ መታ። የላቀችን ገብስ አልነካም። ምንጭ ስትወርድ ሴቶቹ ጨዋታ ያቆማሉ፤ እንስራዋን ሞልታ ስትመለስ ከኋላዋ ይቀጥላሉ። እርፍ በሴት ስለተያዘ ሰማይ ተቆጣ መባሉን ሰምታለች። የከፋት መባሉ አልነበረም። እነዚያ ሴቶች የሚያምኑትን እሷም ታምን ነበር፤ አብሯት የሚያምን ሰው ግን አጠገቧ የለም። የመሠረት ባልደረቦች እንደ እነሱ የምታስብ ሴት አድርገዋታል፤ የሰፈሯ ሴቶችም የከተሞቹ ወገን ናት ብለው ትተዋታል። ቤት ስትገባ ደግሞ የቄሱ ጀርባ አለ።

በመስከረም እሸት ቆርጣ መጣች። እፍኙን ቄሱ ግራ እጅ ላይ አኖረች።

“አባቴ፣ ገብሱ ይኸው። ደረሰልን እኮ።”

ጣቶቻቸው እሸቱ ላይ ተጠቀለሉ። ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አሸተቱት። ላቀች ዓይናቸውን ጠበቀች። እሳቸው ግን ጣራውን ነበር የሚያዩት፤ ዕንባ በጆሯቸው በኩል እየወረደ። የምን ዕንባ እንደሆነ አልገባትም። ጠረገችላቸው።

ገብሱ ታጭዶ ሲወቃ፣ በኅዳር፣ ቄስ ዘካርያስ ዐረፉ። አንድም ቃል ሳይናገሩ።

ላቀች ወደ ንስሐ አባቷ፣ ወደ መምሬ ቀለመ ወርቅ ሄደች። ቤተ ልሔም ድጓ የተማሩ፣ ከባሏ ጋር አብረው ያደጉ ሽማግሌ ናቸው። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር፣ ከጥዱ ሥር ተቀምጠው አዳመጧት።

“ባሌ ሳይፈቅድልኝ አረስኩ፣ አባ። ለመንኩት፤ ፊቱን አዞረ። እኔ ግን ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት አልባረከኝም። ቀኖና ይስጡኝ።”

“ልጄ፣ ይህ ኀጢአት አይደለም። በሽተኛሽን አጎረስሽ፣ ቤትሽን አቆምሽ። ቀኖና የምሰጠው ለበደለ ነው።”

“በድያለሁኮ!”

“ማንን? እሱ በሰው ፊት ያፈረ ይሆናል። ወንድ ልጅ ነው፤ ወድቆ ሚስቱ ስታርስ ማየት ከሞት ይከብደዋል። ፊቱን ያዞረው ከራሱ አፍሮ እንደሆነስ?”

“ነግሮዎታል?”

“እንዴት ይነግረኛል?”

“እንግዲያው አያውቁም” አለች ላቀች። መምሬ መስቀላቸውን አሳለሟት፣ “እግዚአብሔር ይፍታሽ” አሏት፣ ቀኖና ግን አልሰጧትም። እሷ ደግሞ ተሸክማው የመጣችው ነገር እንዳለ ይዛው ተመለሰች።

ለቀብሩ ደርሳ ወዲያው የተመለሰችው መሠረት ለተዝካሩ ዳግም መጣች። እንግዳው ሁሉ ሄዶ ሁለቱ ሲቀሩ፣ ልጅቱ የእናቷን እጅ ይዛ መዳፏ ላይ የደረቀውን ቆዳ በጣቷ ዳሰሰች።

“እማ፣ አትቆጪኝና አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባባ መናገር ችሎ ‘አይሆንም’ ቢልሽስ? ትተዪው ነበር?”



“እተወው ነበር።”

“ትራቡ ነበራ።”

“እንራብ ነበር። አብረን” አለች ላቀች።

መሠረት ማልቀስ ጀመረች። “እኔ ይህ አይገባኝም፣ እማ። እወድሻለሁ፤ ግን አይገባኝም።”

“አውቃለሁ። እኔም ያንቺ አይገባኝም።” ፀጉሯን ደባበሰችላት። ከቀብሩ ወዲህ ሰው ሲነካት ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ልጇ እስክትተኛ እጇን አላነሳችም።

ጠዋት መሠረት ከተማ አብራት እንድትገባ ለመነቻት። ላቀች እንቢ አለች። በዚያው ሰሞን አበጀ ከመተማ በወባ ከስቶ፣ አፍሮ ተመልሶ ነበርና፣ መሬቱን እንደገና በእኩል ሰጠችው። ስንዱ ተናደደች። “እርስዎ እኮ ችለውታል!” ብትላት፣ “መቻሉንማ ቻልኩት” አለች እንጂ ሌላ አልመለሰችም።

ልጇን መንገድ ድረስ ሸኝታ፣ ሚኒባሱ በኩርባው ሲሰወር አይታ ወደ ቤት ገባች። ባቄላ ቀቀለች። በልማዷ ለሁለት ሰው የሚበቃ ሆነባት። ትርፉን በሳህን አድርጋ ወደ ስንዱ ደጅ ብትሄድ የስንዱ ባል ገብቶ ኖሮ ከውስጥ ሲሳሳቁ ተሰማት፤ ሳትጠራ ተመለሰች። እቤት ሳህኑን ሰፌድ ከድናበት፣ ከራሷ ድርሻ ጥቂት ቀመሰች። ውጭ ጉሙ ከገደሉ እየወጣ ነበር። በሩን ዘጋችና እሳቱን አዳፈነች።