በሩ ላይ የቀሩት ጋሼ ይድነቃቸው

ጋሼ ይድነቃቸው እንቅልፍ በዓይናቸው ከዞረ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ኢምባካሲ ሰፈር የሚሠሩበት የጭነት ድርጅት ግማሹን ሠራተኛ ሊቀንስ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት የተቀመጡበትን ወንበር ለማትረፍ ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ሦስት ሰዎች ፊት ቀርበው ጥያቄ መመለስ አለባቸው። እጃቸው ግን ይንቀጠቀጣል፤ ሻይ ሲይዙ ግማሹን ሸሚዛቸው ነው የሚጠጣው። ስለዚህ ሚስታቸው እትዬ ማንጠግቦሽ በስድስት ሰዓት እየጎተቱ አመጡልኝ።

«ሂፕኖሲስ የሚሉትን በቃል ማስተኛ ተምረሻል አሉ?» አሉኝ ጋሼ፣ ክፍሌን በዓይናቸው እየለኩ።

«ተምሬያለሁ።»

«የት?»

«ከስልኬ።»

«ኧረ የኔ ጌታ!»

«ዲግሪ ያላቸው ሀብታሞቹ ሰፈር ላቪንግተን አሉልዎት። ዛሬ ቀጠሮ ቢይዙ በሚቀጥለው ወር ያገኟቸዋል። ይተኙ ጋሼ።»

ተኙ፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ። በተቻለኝ መጠን ድምፄን አለዘብኩ። «አሥር ደረጃ ይታይዎታል። ቀስ ብለው ይውረዱ። በእያንዳንዱ ደረጃ ሰውነትዎ ይላላል። ታች በር አለ፤ ከበሩ ወዲያ ጭንቀት የማይገባበት ክፍል አለ። አሥር... ዘጠኝ... ስምንት...»

ሰባት ላይ ከተኙበት ብድግ ለማለት ቃጡ። «ኖር!»

«ማነው?»

«አንድ ሽማግሌ እየወጡ ነው።»

«ጋሼ፣ ደረጃው የእርስዎ ነው። ማንም የለበትም።»

«እያየኋቸው እንዴት ዝም ብዬ ልለፍ?»

ጤና ጠየቋቸው፣ ልጆች ጠየቋቸው፣ ዝናቡንም ጠየቋቸው። አምስተኛው ላይ የሰፈር ሰው አገኙ። ሦስተኛው ላይ ነፍሰ ጡር ስትወጣ መንገድ ሊለቁላት ሁለት ደረጃ ወደ ላይ ተመለሱ፤ እኔም ከሦስት ወደ አምስት ቆጠርኩ። ይህን ያስተማረኝ ቪዲዮ የለም።

በሩ ጋ ሲደርሱ የባሰው መጣ። በሩ ላይ የቆመው ራሳቸው ናቸው፤ ሌላ ይድነቃቸው። ጢሙን የተላጨ፣ እንቅልፍ የጠገበ፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ።

«ይግቡ» አሉት ጋሼ።

«ኧረ እርስዎ ይቅደሙ» አለ ሌላው በዚያው አፍ፣ በረጋ ድምፅ።

«በፍጹም!»

«በማርያም!»

«እርስዎ ቆመው እኔ? አይደረግም!»

ሰባት ሰዓት ሆነ። ሰባት ተኩል ሆነ።

«ሰርግ ቤት በር ላይ እንዲህ ሲያደርግ ሙሽሮቹ ጨርሰው ሲወጡ ተገናኝተናል» አሉ እትዬ ማንጠግቦሽ።

«እንግዲያው ታላቁ ይቅደም!» አልኩ።

«እኩዮች ነን» አሉ በሁለቱም ድምፅ።

«ክርስትና የቀደመውስ?» አሉ እትዬ።

«በአንድ ቀን ነው የተነሳነው።»

ላነቃቸው ከአንድ እስከ አምስት ቆጠርኩ። «ምን ማለትሽ ነው? ሰውየውን በር ላይ ገትሬው ልሂድ?» አሉኝ። ፊታቸው ላይ ውኃ ረጨሁ፤ «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ። መግባትም የለ፣ መውጣትም የለ። ስምንት ሰዓት ከሃያ።

እትዬ ማልቀስ ጀመሩ። «አንቺ ልጅ፣ እንጀራችንን በር ላይ አስቀረሽው! አውጪው!»

አሁንስ በዛ አልኩ። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩና የጋሼን ደረጃ ሁለት ሁለቱን እየዘለልኩ ወረድኩት። ሽማግሌውን አለፍኩ፣ ነፍሰ ጡሯን አለፍኩ፣ በሁለቱ ይድነቃቸው መሃል በትከሻዬ ሰንጥቄ «ይቅርታ» እንኳ ሳልል በሩን በርግጄ ገባሁ። ውስጥ ያለው አንድ ወንበር ብቻ ነው። ተቀመጥኩበት። እግሬንም አነባበርኩ።

ሁለቱም አንገታቸውን በበሩ አሰገጉ።

«አየሃት?» አለ አንዱ።

«የማን ልጅ ናት?» አለ ሌላው።

ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው ተከተሉኝ። ማን እንደቀደመ እኔም አላየሁ፣ እነሱም አላዩ። ተግሣጹ ወረደብኝ። «ልጄ፣ ሰው እንዲህ አይታለፍም። ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ክብር አለው...»

ዓይኔን ስገልጥ ጋሼ ክፍሌ መሃል ቆመዋል። ነቅተዋል። ጣታቸውን ፊቴ ላይ ቀስረው እየገሠጹኝ ነው፤ ጣታቸው ንቅንቅ አይልም።

«ይቀጥሉ ጋሼ፣ እየሄዱ ይቀጥሉ!» ብዬ እየገፋሁ ቦዳ ቦዳ የሚሉት የኪራይ ሞተር ላይ አወጣኋቸው። ሞተሩ ሲነሳ «ሌላው ደግሞ...» ሲሉ ይሰማኝ ነበር።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እትዬ ማንጠግቦሽ ደወሉ። ለካ ኮሪደሩ ላይ ሌሎች አሥራ ሁለት ሠራተኞች ከጠዋት ጀምሮ ተገትረው ኖሯል። ጋሼ ስማቸው ሳይጠራ ገብተው ሦስቱን ጠያቂዎች «ሰው እንዲህ በር ላይ አይገተርም» እያሉ ሃያ ደቂቃ ሙሉ ገሠጿቸው። ለቆሙት አሥራ ሁለት ወንበር ወጣላቸው።

«ሥራውስ?»

«ሥራውማ ቀረ። ደብዳቤውን እዚያው ሰጡት። ተቀብሎ የፈረመውን ብታዪው፣ እንደ ሰርግ መጥሪያ ጽሑፍ!»

«እትዬ፣ እኔ እኮ...»

«ዝም በይ!» አሉኝ በሹክሹክታ። «ቀስ ብለሽ አውሪ። እያንኮራፋ ነው።»

ስልኩን ወደ ጋሼ አስጠጉልኝ። ለረጅም ጊዜ ሁለታችንም አልዘጋነውም።