የሊሚ ጨዋነት

ደሳለች ለማኝ ትንቃለች። ይገርማል እኮ! ሽሮ ሜዳ ለሸማኔዎች ጥጥ እየፈተለች ነበር የምትኖረው፤ የፋብሪካ ክር መጥቶ ፈትሏን የሚጠይቃት ከጠፋ ወዲህ ከለማኝ የሚለያት ያቺ የዛገች የቆርቆሮ በሯ ብቻ ናት። ንቀቷ ግን ወይ ፍንክች!

አንድ ቀን ልጇ ሊሚ ጎረቤታቸው ሾዴ ቤት ፓስታ ቀርቦላት ሳህኑን ላሰችው። ሾዴ ደግሞ ወሬ አይቋጠርላትም፤ ለግቢው ሁሉ አዳረሰችው። ደሳለችም የስድስት ዓመት ሕፃን ክንድ ቆንጥጣ ቆንጥጣ አበለዘች። «ለማኝ አላሳድግም! ሰው ቤት ብዪ ሲሉሽ ‹በልቻለሁ፣ ጠግቤያለሁ› ነው የምትዪው!» ከዚያ በኋላ ብዙ መቆንጠጥም አላስፈለጋት። ዓይኗን ካፈጠጠችባት ልጅቷ ጠግባለች፤ በቃ። በባዶ ሆድ ጨዋ ልጅ አሳደግኩ ብላ ትኮራለች፣ አፈር ያስበላትና!

ታዲያ በዚያው ሰሞን የቤተ ክርስቲያኑ የሕፃናት እርዳታ አንድ ልጅ ሊቀበል ነው ተባለ፤ ምሳና ትምህርት ቤት በነፃ። ደሳለች ኩራቷን ዋጥ አድርጋ ተመዘገበች። ቤት አይተው የሚመርጡት እትዬ ኢየሩ መጡ፤ ሽቷቸው ቀድሟቸው ገባ። ዱካው ላይ ሶፍት አንጥፈው ተቀመጡና፣ ማንም ሳይጠይቃቸው፣ «ልጅ አይመታም የኔ እህት፤ እኛ በምክር ነው ያሳደግነው» አሉ።

«ጠግቦ ያደረን ልጅ መምከር ማን ያቅተዋል!» አለች ደሳለች በሆዷ።

እትዬ ኢየሩ ከቦርሳቸው ዳቦ አወጡ። «ትልቅ ሰው ይዋሻል፤ እኔ የማምነው ሕፃን ነው። ነይ እስቲ ቆንጆ፣ እርቦሻል?»

ሊሚ ከትናንት ጀምሮ ከሻይ በቀር ምንም አልቀመሰችም። ዳቦውን አየች፤ ከዚያ እናቷን። ደሳለች «ተቀበዪ!» ለማለት ዓይኗን አፈጠጠች። ሌላ ዓይን ከየት ታምጣ?

«በልቻለሁ፤ ጠግቤያለሁ» አለች ሊሚ፣ እጆቿን ከኋላዋ ደብቃ።

«ኧረ አልበላችም እትዬ! በጌታ!»

«ተይ እንጂ! ሕፃኗ እውነቱን ተናግራ አንቺ ትዋሻለሽ? ጌታ ይመስገን፣ ጨዋ ልጅ ሰጥቶሻል። ከእናንተ የባሰበት አለ» ብለው ዳቦውን ወደ ቦርሳቸው መልሰው ወጡ።

ደሳለች በንዴት ጦፋ ወደ ልጇ ዞረች። «አንቺ ደደብ!»

ሊሚ አልሸሸችም። የሹራቧን እጅጌ ሰብስባ ክንዷን ዘረጋችላት። «እማ፣ ጠግቤያለሁ አልኩ እኮ። ያልሽኝን ነው ያልኩት።»

ደሳለች ያንን የበለዘ ክንድ አይታ በባዶ እግሯ ሮጣ ወጣች። «እትዬ! ርቧታል! እኔ ነኝ ያስዋሸኋት፣ እየቆነጠጥኩ!» ሾዴ በሯ ላይ ቆማ ትሰማለች። እትዬ ኢየሩ ግን ታክሲ ውስጥ ገብተው ነበር።

ሊሚ እጅጌዋን እንደሰበሰበች ተከትላት ወጥታ ቀሚሷን ጎተተቻት። እንደ እናቷ ዓይኗን አፍጥጣ፣ «እማ፣ ዝም በዪ። ሰው ይሰማል» አለቻት።