ማኅተሙና ብረት ድስቱ

ለገሠ በጆሃንስበርግ ሐበሾች ዘንድ የሚታወቀው ከአንድ እድር ሦስት እድር በማውጣቱ ነው። እሱ ግን ነገሩን «መስመር ማጥራት» ይለዋል። በወጣትነቱ አዲስ አበባ ላይ ወረቀት በትኖ ታስሯል። ከእስር ከወጣ ወዲህ ማንንም ነጻ አላወጣም፤ ጄፒ በሚባለው የሐበሾች ገበያ ብርድ ልብስ ይሸጣል።

የኮሮናው ሎክዳውን መጥቶ ሱቁ ሲዘጋ ግን አርባ ዓመት ሲያስበው የኖረውን ሥራ ጀመረ፤ የአየርላንድ ብሔራዊ ነጻ አውጪ ጦርን ታሪክ በአማርኛ መተረክ። የወደዳቸው ገና በልጅነቱ፣ አንድ ጋዜጣ ላይ ስለ እነሱ ያነበበ ዕለት ነው። ነጻ አውጪ ናቸው፣ ሶሻሊስት ናቸው፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጥቂት ናቸው። ለገሠ ብዙ ሰው ያለበት ነገር ድሮም አይጥመውም።

በየማለዳው አንድ ክፍል በድምፁ ቀድቶ ለእድሩ የዋትሳፕ ግሩፕ ይልካል። አባላቱ ዘጠኝ ናቸው። የእድሩ ጸሐፊ ኤርጎጌ ብቻ አውራ ጣት ትልክለታለች፤ እሷም ሳትሰማ እንደሆነ ያውቃል፤ የሃያ ደቂቃ ትረካ በሦስት ሰከንድ አያልቅማ። ቢሆንም ደስ ይለዋል።

አይሪሾቹ በፈረንጅ 1974 ከእናት ድርጅታቸው የተገነጠሉት እናትየው ተኩስ ስላቆመች ነው። በኋላ ደግሞ ከእነሱም የሚገነጠል አልጠፋም። በ1987 የትናንት ጓዶች እርስ በርስ ተገዳደሉ። እዚህ ሲደርስ ለገሠ መቅዳቱን አቆመ። ሀቢሶ ትዝ አለው።

ሀቢሶ ካትሌሆንግ ሰፈር ስፓዛ የሚሉት ትንሽ ሱቅ አለው፤ ጴንጤ ነው፣ የሆሳዕና ልጅ። ከትልቁ እድር አብረው ነበር የወጡት። ከሁለት ዓመት በፊት ለገሠ «የእድራችን ድንኳን ቀይ ይሁን» ብሎ ድርቅ አለ። ሀቢሶ «ጋሼ፣ ለቅሶ ቤት ነው ወይስ ሜይ ዴይ?» ብሎ ሰው አሳቀበት። ለገሠ አባረረው። ሀቢሶ ሲሄድ ትልቁን ብረት ድስት ወሰደ፣ ማኅተሙ ለገሠ ጋ ቀረ። ከዚያ ወዲህ አንዱ እድር ያለ ምግብ የሐዘን መግለጫ እያተመ ይልካል፤ ሌላው ወጥ ይሠራል፣ ግን ማኅተም የሌለው ደብዳቤውን የሚቀበል የለም።

በሐምሌ ብርድ፣ ለገሠ አሥራ አራተኛው ክፍል ላይ ቆሞ ሳለ፣ ከሀቢሶ የአራት ደቂቃ የድምፅ መልእክት ደረሰው።

«ሊሰድበኝ ነው» አለ። ብቻውን ሊከፍተው ግን አልደፈረም፤ ድርጅታዊ አሠራር አለ። አምስቱን የአመራር አባላት በስልክ ሰበሰበ። ሦስት ለሁለት በሆነ ድምፅ መልእክቱ እንዳይከፈት ተወሰነ። ከሦስቱ አንዱ ራሱ ነው። ቃለ ጉባኤ ጻፈና ማኅተም መታበት።

በአራተኛው ቀን ኤርጎጌ ደወለች።

«ጋሼ፣ ሀቢሶ ኦክስጅን ላይ ነው። ሆስፒታል የገባው መልእክቱን የላከ ዕለት ነው፤ እኔም አሁን መስማቴ ነው።»

ለገሠ ጉባኤውን ረስቶ መልእክቱን ከፈተ።

«ጋሼ…» አለ ሀቢሶ። ሳል። «ኤሽ፣ ትንፋሽ የለም። ኤርጎጌ እየላከችልኝ ሁሉንም ሰምቻለሁ፣ አንድ አላመለጠኝም። ሱቅ ውስጥ ቁጭ ብዬ እነዚያ አይሪሾች ሲጣሉ እኔና አንተን እያየሁ ስስቅ ነበር።» ረጅም ሳል። «ምነው አቆምክ? መጨረሻውን ንገረኝ። መሣሪያቸውን አስረከቡ ወይስ አላስረከቡም? ድንኳኑም ቀይ ይሁን በቃ፣ ችግር የለም።»

ለገሠ አለቀሰ። በዕድሜው ሙሉ አንድ አድማጭ ብቻ ነበረው፤ እሱንም በድምፅ ብልጫ ዘግቶበታል። ድንኳኑ እኮ እስከ ዛሬ አልተገዛም!

ወዲያው የመጨረሻውን ክፍል ቀዳ። ከቀዳቸው ሁሉ አጭሩ እሱ ነበር። «ሀቢሶ፣ በ1998 ተኩስ አቆሙ፣ በ2010 መሣሪያቸውን አስረከቡ። መሀሉ አሥራ ሁለት ዓመት ነው። ለምን ያን ያህል እንደቆዩ እያጠናሁ ነበር፤ አሁን ገባኝ፤ እንደኔ ዓይነት ሰዎች ነበሩ። ድንኳኑ የፈለግኸው ቀለም ይሁን። ማኅተሙን ይዤልህ እመጣለሁ። ይቅር በለኝ።»

ላከው። አንድ ግራጫ ምልክት። ሆስፒታሉ ጠያቂ አያስገባም፤ በር ድረስ ሄዶ ዘበኛው መለሰው። ሁለት ቀን ስልኩን ከእጁ ሳይለይ ምልክቷን ሲጠብቅ ከረመ።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ምልክቱ ሁለት ሆነ፣ ከዚያም ሰማያዊ።

«ሰማኝ!» ብሎ ለገሠ ከወንበሩ ተነሣ። ለብቻው ቤት ውስጥ ጮኸ፤ ኤርጎጌ ጋ ሊደውል ሲል ስልኩ ቀድሞ ጠራ። ቁጥሩ የሀቢሶ ነው።

«ሀቢሶ!»

«እኔ ነኝ ጋሽ ለገሠ» አለች ደስታነሽ፣ የሀቢሶ ሚስት። ድምፅዋ አልቋል። «ሌሊት ዐርፏል። ስልኩን አሁን ነው የሰጡኝ፤ መልእክቱን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

ለገሠ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«የቀብር ሰዎቹ ማኅተም ያለው የእድር ደብዳቤ ይፈልጋሉ» አለችው። «ይዘው ይምጡ። ድስቱ ተጥዷል።»