ግማሽ ነፋስ

ማክሰኞ ጠዋት ቤልትራን ሙጫ እያሞቀ ነበር። የዓሣ ሙጫ ከመጠን በላይ ከሞቀ ይሰባበራል፤ ካነሰውም የኮምፓስ መርፌ አይዝም። ስለዚህ ጣቱን እያስነካ ይጠብቃል እንጂ ዓይኑን ከድስቱ ላይ አያነሣም። የምራቱን የብሪያንዳን ኮቴ ሲሰማ ቀና ሳይል፣

«ግቢ ልጄ። በሩን መልሺው፣ አቧራ ይገባል» አላት።

«ዛሬም ነፋሱ ከምዕራብ ነው አሉ፣ አባባ። እነቴዮ አሁንም ሳንሉካር ናቸው።»

«ዘጠነኛ ቀናቸው።»

«እኔ እዚህ ትሪያና ሠፈሩ ሙሉ እስኪሰማ አልቅሼ ሸኘሁት፤ እሱ የወንዙ አፍ ላይ ቁጭ ብሎ ሰርዲን ይበላል። እንባዬን ቢመልስልኝ ምን አለበት?»

ቤልትራን ሳቀ። ቴዮ አንድ ልጁ ነው። ንጉሡ ወደ ደቡብ ባሕር ከሚልካቸው ሦስት መርከቦች የፊተኛዋ መሪ እሱ ነው፤ ሌሎቹ ሁለቱ በቀን ሸራውን፣ በሌሊት ፋኖሱን እያዩ ይከተሉታል። በሦስቱም ላይ መቶ አርባ ሰው አለ። ሳንሉካር ላይ የታሰሩት ወንዙ ባሕር ከሚገባበት ደለል የሚያሻግራቸው ነፋስ አጥተው ነው።

ብሪያንዳ ከጉያዋ የታጠፈ ወረቀት አወጣች።

«ይህን ለማንም እንዳታሳዪ ብሎኝ ነበር። እርስዎ ማንም አይደሉም ብዬ ነው ያመጣሁት። ሌሊት ናፈቀኝና ከፈትኩት፤ የፍቅር ቃል ባገኝ ብዬ። ቁጥር ብቻ! ምን ይላል?»

ቤልትራን እጁን በሽርጡ ጠርጎ ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዞ ሄደ። የልጁ ጽሕፈት ነው፤ ጥቃቅን፣ የተስተካከለ። የጉዞው መስመር ከነርቀቱ ተዘርዝሯል። በየመስመሩ ጎንም ያው አንድ ቃል ተደጋግሟል፦ ግማሽ ነፋስ ወደ ምሥራቅ ጨምር። ግማሽ ነፋስ ወደ ምሥራቅ ጨምር።

ሦስት ጊዜ አነበበው። ከኋላው ሙጫው ገነፈለ።

የኮምፓስ መርፌ እዚህ በሴቪያ ከተማ እውነተኛውን ሰሜን አያይም። በጥቂቱ ወደ ምሥራቅ ያጋድላል። ሠሪዎቹ የአድማሱን ክብ በሠላሳ ሁለት ይከፍሉትና እያንዳንዱን ክፍል ነፋስ ይሉታል፤ የመርፌው ማጋደል የአንዱ ነፋስ ግማሽ ነው። መርፌው የሚለጠፈው ሰሜንን የሚያመለክት አበባ በተሳለበት ክብ ወረቀት ጀርባ ነው። የሴቪያ ሠሪዎች ከአበባው ሥር ልክ አይለጥፉትም፤ ግማሽ ነፋስ ወደ ጎን ይገፉታል። እንዲህ ሲሆን መርፌው ቢያጋድልም አበባው እውነተኛውን ሰሜን ያያል። ቤልትራን አርባ ዓመት የሠራው ይህንኑ ነው። ወረቀቱ ከተገለበጠና ሳጥኑ ከታሸገ በኋላ መርፌው እንዴት እንደተለጠፈ ከሠሪው በቀር ማንም አያውቅም።

ቴዮ ግን በዐቢይ ጾም መጀመሪያ መጥቶ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር።

«አባዬ፣ ለእኔ ቀጥ አድርገህ ለጥፍልኝ። ከአበባው ሥር፣ ልክ መሀሉ ላይ።»

«ታብዳለህ እንዴ? ሰሜንህን ልትስት?»

«ያንተ ማቃናት ለሴቪያ ነው። እኔ የምሄድበት ባሕር ላይ መርፌው ሌላ ጠባይ ያመጣል። ባለበት ይሁንልኝና እኔ በወረቀት አቃናዋለሁ።»

«ሲደክምህ ትረሳዋለህ።»

«አልረሳም።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

«አባዬ። እሺ በለኝ።»

«እሺ» አለው ቤልትራን።

ከዚያም ሦስቱንም ኮምፓሶች፣ ዋናውንም ሁለቱን መጠባበቂያዎችም፣ እንደ ወትሮው ግማሽ ነፋስ ገፍቶ ለጠፋቸው። በልቡ ያሰበው ቀላል ነበር። ሰው ይረሳል፣ ሙጫ አይረሳም። ልጁ ባሕር ላይ ከሰሜን ኮከብ ጋር ሲያስተያየው አበባው ትክክል ሆኖ ያገኘዋል፤ «ይህ ግትር ሽማግሌ!» ብሎ ይስቃል፤ በደህና ይሄዳል።

«ብሪያንዳ» አለ ከመስኮቱ ሳይዞር። «ስለ ኮምፓሶቹ የነገረሽ ነገር አለ? በኮከብ እፈትናቸዋለሁ አላለም?»

«የእርስዎን? ኧረ በፍጹም! ጓደኛው እዚያው ፊቴ ጠይቆት ነበር። የሌላ ሰው ቢሆን በየሌሊቱ እፈትን ነበር፣ የአባቴን መፈተን ግን አባቴን መስደብ ነው አለው።» ከዚያ ፊቱን አየችው። «ምነው? ምን ሆኑ?»

ነገራት። ሌላ መንገድ ስላልነበረው በቅደም ተከተል ነገራት፦ እሱ በሙጫ አንዴ አቃንቶታል፤ ልጁ ቀጥ ብሎ የተለጠፈ መስሎት በወረቀት ዳግመኛ ያቃናዋል። የመርፌው ሰሜን ወደ ምሥራቅ ሲያጋድል ደቡቡ ወደ ምዕራብ ያጋድላልና፣ ወደ ደቡብ የሚሄድ ሰው የሚያቃናው ወደ ምሥራቅ ነው። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ቀትር ላይ ፀሐይን ለክቶ ምን ያህል እንደወረደ ያውቃል፤ ምን ያህል ወደ ምሥራቅ እንደገባ ግን ከኮምፓሱ በቀር የሚነግረው የለም። በምሥራቅ በኩል ያለው የአፍሪቃ ዳርቻ ነው። ካቦ ብላንኮ ከሚሉት ርእሰ ምድር በታች ከውሃው ሥር የተኛ አሸዋ አለ፤ ከመሬት ርቆ የተዘረጋ፣ ከላይ የማይታይ። በወረቀቱ መሠረት ሃያ ሊግ፣ ከግማሽ ቀን የመርከብ መንገድ በላይ፣ ርቀውት ያልፋሉ። እስከዚያ ድረስ ያለው መንገድ ሁለት መቶ ሰማንያ ሊግ ነው፤ በዚህ ርቀት ግማሽ ነፋስ ወደ ምሥራቅ ሃያ ስምንት ሊግ ያስታል።

ብሪያንዳ መቀነሱን ራሷ ቀነሰችው።

«አሁንም ሳንሉካር ናቸው» አለች። «ይነሡ! ምን ቆመው ያዩኛል? ወረቀቱን ይያዙ፣ ካላመኑዎት ያሳዩአቸው!»

ቀትር ሳይሞላ ቤልትራን ፓስኩዋል የሚባል ጀልባ ነጂ አገኘ። ፓስኩዋል ወይን ጠጅ ጭኖ ወደ ታች የሚወርድ ወሬኛ ሰው ነበር፤ ነፋሱ ፊት ለፊት ስለሆነ በወራጁ ውሃና በመቅዘፊያ ብቻ ይሄዳሉ። ማክሰኞ እስኪመሽ እየቀዘፈ አወራ።

«በዚህ ዕድሜዎ ምን አስቸኮለዎት አባቴ? ሳንሉካር ላይ ኮረዳ አለችዎት?»

«ልጄ ነው። መርከብ ላይ ነው።»

«ምሳውን ረስቶ ሄዶ ነው?»

«አዎ» አለ ቤልትራን።

«እናቶች ናቸው እንጂ አባት እንዲህ ሲሮጥ አይቼ አላውቅም። አይጨነቁ፤ ይህ የምዕራብ ነፋስ ሳምንትም አይለቃቸው።»

ቤልትራን ጀልባዋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነፋሱን በግንባሩ ይለካ ነበር። ግንባሩን እስከመታው ድረስ ልጁ አልሄደም ማለት ነው። ነፋሱ ሲበረታ ደስ አለው፤ ሲደክም ትንፋሹን ያዘ።

ረቡዕ ማለዳ ግንባሩ ላይ ነፋስ አጣ። ለጥቂት ጊዜ የትም የለም። ከዚያ ማጅራቱ ቀዘቀዘ።

«ዞረልን!» ብሎ ፓስኩዋል ጮኸ። መቅዘፊያውን ጥሎ ሸራውን ይፈታ ጀመር። «አባቴ፣ እርስዎ ዕድለኛ ነዎት! ከቀትር በፊት እንገባለን፣ እጄ ሊገነጠል ነበር! ምነው፣ ደስ አይበልዎትም?»

ሸራው ተወጠረ፤ ጀልባዋ ፈጠነች። ቤልትራን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ፓስኩዋል ወሬውን ትቶ ገመዱን ያዘ።

ሳንሉካር ሲደርሱ መልሕቅ መጣያው ባዶ ነበር። መረብ የሚጠግኑ ሴቶች ሦስቱ መርከቦች ንጋት ላይ ደለሉን እንደተሻገሩ ነገሩት። አንዷ፣ «እንዴት ያምሩ ነበር መሰለዎት!» አለችው።

የወደቡ ሹም ዶን ሱዌሮ በጥሞና አዳመጠው። ክፉ ሰው አልነበረም።

«እስቲ ረጋ በል። ኮምፓሱ ተበላሽቷል ነው የምትለኝ?»

«የለም ጌታዬ። ኮምፓሱ ትክክል ነው።»

«ትክክል ከሆነ ታዲያ ምን ሆንክ?»

«ትክክል መሆኑን አያውቅም። የተጣመመ መስሎት ያቃናዋል።»

ዶን ሱዌሮ ጸሐፊውን አየው። ጸሐፊው ብዕሩን ነክሶ ሳቁን ያዘ።

«ሃያ ዓመት በዚህ ወንበር ስቀመጥ መጥፎ ዕቃ ሸጥኩ ብሎ የተናዘዘ ሰው አላየሁም። አንተ ጭራሽ ጥሩ ዕቃ ሠራሁ ብለህ ልትናዘዝ መጣህ!»

ቤልትራን አልሳቀም። ከጠረጴዛው ላይ ጠመኔ አንሥቶ ከአንድ ነጥብ የሚነሡ ሁለት መስመሮች ሠራ። መነሻው ላይ ሁለቱ ተጣብቀዋል፤ ጫፋቸው ላይ መሀላቸው ጡጫ ይገባ ነበር። አንዱ ጫፍ አጠገብ ጠመኔውን ተጭኖ አንድ ቦታ አነጣ። «ይህ አሸዋው ነው» አለ።

የጸሐፊው ሳቅ ሞተ።

«በኮከብ አይፈትነውም?» አለ ዶን ሱዌሮ።

«የእኔን አይፈትንም።»

«ለምን?»

«አባቱ ስለሆንኩ።»

ሹሙ መስመሮቹን ተመለከተ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «መንገዳቸው የታሸገ ምስጢር ነው። ፖርቱጋሎች እንዳይሰሙ ካናሪ ደሴቶች ላይ እንኳ እንዳይቆሙ ታዘዋል። አንተ ከየት አወቅኸው?»

ቤልትራን ወረቀቱን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። ዶን ሱዌሮ ጸሐፊውን ከክፍሉ አስወጣ፤ ወረቀቱን ሳይገልጥ በጣቱ ገፍቶ መለሰለት።

«ይህን አላየሁም። ማን እንደሰጠህም አልጠይቅም፤ ከጠየቅሁ ያንን ሰው ዛሬውኑ ማሰር ይኖርብኛል። ቤትህ ስትደርስ አቃጥለው። ስለዚህ መንገድም ለማንም አንዲት ቃል እንዳታወጣ።»

«መርከብ ይላኩ፣ ጌታዬ።»

«ያለችኝ አንዲት ፈጣን መርከብ ናት፤ ጎኗን እየደፈኑ ነው። ሰኞ ውሃ ላይ ትወርዳለች። ሰኞ ብትነሣ ትደርስባቸዋለች?»

የጠየቀው ከልቡ ነበር። ቤልትራን አሰበ፤ ሠላሳ አምስት ሊግ በቀን፣ እስከ አሸዋው ስምንት ቀን፣ የአምስት ቀን ብልጫ። «አዎ» ሊል አፉን ከፈተ። ቁጥሩ ግን እዚያው ፊቱ ቆሞ ነበር።

«አትደርስም» አለ።

ሽቅብ መመለሱ ሦስት ቀን ፈጀ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ብሪያንዳን ከድልድዩ አጠገብ ቆማ አገኛት። ምን ያህል እንደቆመች አልጠየቀም። ፊቱን ስታይ የሚጠየቅ ነገር አልቀራትም ነበር፤ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችው።

«ቀን አለው?»

«አለው።»

«ይንገሩኝ።»

«ነፋሱ እንዲህ ከቀጠለ የፊታችን ሐሙስ። ከሐሙስ ቀትር እስከ ዓርብ ቀትር ባለው ጊዜ ውስጥ።»

ነፋሱ እንዲያው ቀጠለ። ቤልትራን በየጠዋቱ ሰገነት ላይ እየወጣ ያየዋል፤ እንዲቆም ይለምነዋል። አልቆመም። ሠፈርተኛው በመንገድ ሲያገኘው እጁን ይጨብጠዋል፤ «መልካም ነፋስ ሰጣቸው፣ ደስ ይበልህ!» ይለዋል። «ደስ ብሎኛል» ብሎ ያልፋል።

ረቡዕ ወደ ቄሱ ሄደ። ለልጁ ነፍስ ቅዳሴ እንዲያደርሱለት ጠየቃቸው።

«ለመንገደኞች ጸሎት ማለትህ ነው» አሉ ቄሱ።

«ለሙታን።»

«ማን ሞተ? በሳምንቱ? ቤልትራን፣ ይህ ሟርት ነው፤ እግዚአብሔርን መፈታተን ነው። ሂድ፣ ትንሽ ተኛ። ልጅህ እኮ ከሁለት ዓመት በፊት አይጠበቅም።»

ምክንያቱን መናገር አልቻለም። ቢናገር መንገዱን ማወቁ ይወጣል፤ መንገዱን ከማን እንዳወቀ ደግሞ ማንም ይገምታል። ኮፍያውን አጥልቆ ወጣ።

ሐሙስ ጠዋት ብሪያንዳ ወደ መሥሪያ ቤቱ መጣች። ቢጫ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ፀጉሯን አበጥራለች። ከእሱ ራቅ ብላ በርጩማ ላይ ተቀመጠች። ሥራ አልሠራም፤ እሷም አልፈተለችም። ውጭ ሰዉ እንደ ሌላው ሐሙስ ይሄዳል፤ አንዲት ሻጭ «ሽምብራ! ትኩስ ሽምብራ!» እያለች አለፈች።

የቀትሩ ደወል ተደወለ።

«አሁን?» አለች።

«አሁን ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ሃያ አራት ሰዓት አለው።»

«ቢፈትነውስ? አንድ ሌሊት እንኳ፣ እንዲያው ለወግ?»

ያንን ተስፋ ቤልትራንም ስድስት ቀን ይዞት ነበር። ልጁን ግን ያውቀዋል፤ ያሳደገው እሱ ነው፤ የታመነ ሰው ቃል እንዳይጠራጠር ያስተማረው እሱ ነው።

«እሺ ያሉት ለምንድን ነው?» አለች ብሪያንዳ። አልጮኸችም። «እምቢ ቢሉት እኮ ሌላ ሠሪ ጋ ይሄድ ነበር። ወይም እንዳቃኑት ያውቅ ነበር። እምቢ ማለት እኮ ይቻል ነበር።»

«ይቻል ነበር።»

«ታዲያ?»

«እንዳይሳሳት ብዬ ነው።»

የጠበቀው ስድብ ነበር፤ ስድብ አልመጣም። ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈች፤ አቧራ ግን አልነበረበትም።

«ጥቁር መልበስ እችላለሁ?» አለች።

«አትችዪም። ሰው ይጠይቅሻል።»

«እስከ መቼ?»

«ወሬው እስኪመጣ። ሁለት ዓመት፤ ሦስትም ሊሆን ይችላል። ከሦስቱ አንድም ካልተረፈ ወሬ የሚያመጣ የለም።»

«ሰው ስለ እሱ ሲጠይቀኝስ?»

«ደህና ነው በዪ።»

ራሷን ነቀነቀች። በሩ ላይ የጎረቤት ሴት አገኘቻት፤ ቤልትራን ድምፃቸውን ሰማ።

«ብሪያንዳዬ! እንዴት ነሽ? ከቴዮ ወሬ አለ?»

«ደህና ነው» አለች ብሪያንዳ። «ነፋሱ ቀንቶታል።»